ከአሸዋው ይጀምሩ፤ ዓለቱ ይቆይዎት

ጥያቄ፦ «ያደግሁት ሐዋሳ ነው። ሎስ አንጀለስ ከመጣሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ። የ11 ዓመት ልጄ ዓሣ እናጥምድ እያለ ፋታ ነስቶኛል። ጀልባ የለንም፤ ለመከራየትም አቅሙ የለንም። ከአሸዋው ዳርቻ ብንጀምር ይሻላል ወይስ ከዓለቱ ላይ? ምን ልግዛ? የያዝነውንስ ቤት ወስደን ብንበላ ችግር አለው?»

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ በአንድ ቃል ልመልሰው፦ ከአሸዋው። ዓለቱ ያምራል፤ የዓሣው ዓይነትም እዚያ ይበዛል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ዓለት ላይ የሚቆም ሰው ባሕሩን ማንበብ አስቀድሞ መቻል አለበት። ማንበቡን የሚማሩት ደግሞ ስሕተት ርካሽ በሆነበት ቦታ ነው። አሸዋ ላይ የተሳሳተ ሰው ሱሪው ይርሳል። ዓለት ላይ የተሳሳተ ሰው ግን ሱሪውን ለማስጣት ላይመለስ ይችላል።

ሐዋሳ ማደግዎ ይጠቅምዎታል። አሞራ ገደል ዓሣ ሲገፈፍ እያየ ያደገ ሰው ቢላዋ አያስተምሩትም። የሚያስቸግርዎት ሌላ ነገር ነው፦ ሐይቅ ጠዋት ያዩት ቦታ ማታም ይጠብቅዎታል፤ ባሕር ግን አይጠብቅም። እዚህ የሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሁለቱ ሙላቶችም እኩል አይደሉም። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በወጣችበት ሰሞን በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንዳንድ ቀን ሁለት ሜትር ያልፋል። ስለዚህ በሽሽት ሰዓት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ያዩት ቦታ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከቁመትዎ በላይ ውኃ ሊኖረው ይችላል። ይህ ለብዙ ጀማሪ የሚያስፈራ ነገር ነው። ለእኔ ግን ከሱቅ ከሚገዛው ዕቃ ሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ነው። ምክንያቱም ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ልብሱን ገልጦ ዓሣው የት እንደሚበላ ያሳየናል።

ስለዚህ አንድ ዶላር ከማውጣትዎ በፊት ልጅዎን ይዘው በሽሽት ሰዓት ባዶ እጅዎን ወደ ባሕር ይሂዱ። የሙላትና የሽሽት ሰዓቱን የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ለየዳርቻው በነፃ ያወጣዋል። ለሎስ አንጀለስ ሰው ዶክዋይለር የሚባለው የባሕር ዳርቻ ጥሩ መጀመሪያ ነው። አውሮፕላኑ ከራስዎ በላይ እየጮኸ ይነሣል እንጂ አሸዋው ረጅም ነው፣ መኪና ማቆሚያው ቅርብ ነው። ደቡብ ካሉ ሀንቲንግተን ቢች ከተማ አጠገብ ያለው የቦልሳ ቺካ ዳርቻም ያው ነው።

ውኃው ሸሽቶ ሲያዩት አሸዋው ጠፍጣፋ አይደለም። ከዳርቻው ጋር ትይዩ የሚሄድ ቦይ ያያሉ። አንዳንድ ቦታ ቦዩ ይሰፋና ገበታ የሚያህል ወይም አውቶቡስ የሚያህል ጉድጓድ ይሆናል። ከዚያ ደግሞ ቦዩን ወደ ጥልቁ ባሕር የሚከፍት በር አለ። ጉድጓዱን በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ከበስተጀርባው የነፍስ አድን ሠራተኞች የሚቀመጡበት ማማ ይግባ። ማማዎቹ ቁጥር ስላላቸው ምልክትዎ አይጠፋም። ውኃው ሲሞላ ተመልሰው እዚያው ይቁሙ። ሞገዱ ጥልቀት በሌለው አሸዋ ላይ ይሰበርና ነጭ አረፋ ይሆናል፤ ጉድጓዱ ባለበት ግን ሳይሰበር ያልፋል፣ ውኃውም ጠቆር ይላል። ዓሣው ያለው እዚያ ጥቁሩ ውስጥ ነው፤ ሞገዱ ከአሸዋው ቆፍሮ የሚያወጣለትን ምግብ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

በዚህ ሥራ በቆየሁበት 19 ዓመት ከሁሉ በላይ ያየሁት ስሕተት አንድ ነው። ጀማሪው ጉልበቱን አሰባስቦ ወደ አድማሱ ይወረውራል። ክሩ ላይ ለክብደት የሚታሰረው እርሳስ ሰማንያ ሜትር ርቆ ሲወድቅ ደስ ይለዋል። ዓሣው ግን ከጉልበቱ አሥር ሜትር ላይ፣ አንዳንዴም እሱ ራሱ ከቆመበት ውኃ ኋላ ነው። በመጀመሪያ በደረቅ አሸዋ ላይ ቆመው ቅርቡን ይወርውሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ውኃው ይግቡ።

ያ ወደ ጥልቁ የሚከፍተው በር ለዓሣው የምግብ መንገድ ቢሆንም ልጅን ይዞ የሚሄደውም እሱ ነው። የሚመለሰው ውኃ ሁሉ በዚያ በኩል ስለሚወጣ ጎታች ወራጅ ይሆናል። ልጅዎ ከጉልበቱ በላይ አይግባ። ማንም ቢሳብ ከወራጁ ጋር አይታገል፤ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ወደ ጎን እየዋኘ ከወጣ በኋላ ነው ወደ መሬት የሚመለሰው።

አሁን ልጅዎ የሚወደውን ክፍል ልንገርዎ። የሚሰኩትን ምግብ መግዛት አያስፈልግዎትም። ሞገዱ ወጥቶ ሲመለስ እርጥቡን አሸዋ ዝቅ ብለው ይመልከቱት፤ ውኃው በአንዳንድ ቦታ እንደ ቀስት ጫፍ እየተሰነጠቀ ይወርዳል። እዚያ ሥር የአሸዋ ሸርጣን አለ። ለመብላት አንቴናውን አውጥቶ ስለሚቀመጥ ነው ውኃው የሚሰነጠቀው። ሁለቱን እጅ አጋጥሞ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ ማንሣት ነው። መዳፍ ውስጥ ሲገባ ወደ ኋላ እየቆፈረ ለመሸሽ ይፈራገጣል፤ አይነክስም፣ ይኮረኩራል። ከሰበሰቡት መካከል ጣት ሲጫነው እንደ ቄጤማ የሚለሰልሰውን ለብቻው ያስቀምጡት። ቅርፊቱን የጣለና አዲሱ ያልጠነከረለት ነው፤ ዓሣው ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ የሚመርጠው እሱን ነው። ሕጉ ለአንድ ሰው በቀን 50 ይፈቅዳል። ሃያ ከበቂ በላይ ነው።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ሱቅ ውስጥ ሰባት ዓመት ስለሠራሁ ሻጩ ምን እንደሚልዎት አውቃለሁ። አራት ሜትር የሚሆን ወፍራም ዘንግ ያሳይዎታል። አይግዙት፤ ልጅዎ ሊያነሣውም አይችልም። ከ2 ሜትር ከ10 እስከ 2 ሜትር ከ40 የሚረዝም ቀላል ዘንግ ከነመጠቅለያው አብሮ የሚሸጥ አለ፤ ከ100 ዶላር በታች ጥሩውን ያገኛሉ። መጠቅለያው ሪል ይባላል፤ መጠኑ 2500 ወይም 3000 የተባለውን ይምረጡ። በላዩ ከስምንት እስከ አሥር ፓውንድ የሚችል ተራ ናይለን ክር ያስጠቅልሉ። እርሳሱ መሐሉ የተበሳና እንቁላል የሚመስል፣ ከ14 እስከ 20 ግራም የሚመዝን ይሁን። ሞገዱ ጠንክሮ እርሳሱን ወደ ጎን ከጎተተው ከፍ ያድርጉት። ከዚህ በላይ የሚያስፈልግዎት ትንሽ ዶቃ፣ ክሮቹን የሚያገናኝ ተሽከርካሪ ቀለበትና 4 ወይም 6 ቁጥር መንጠቆ ነው። መንጠቆ ቁጥሩ ሲያንስ እንደሚተልቅ ልብ ይበሉ፤ 4 ከ6 ይበልጣል።

አሠራሩ ይህ ነው። እርሳሱን በዋናው ክር ላይ ያሳልፉ፣ ዶቃውን ያስከትሉ፣ ከዚያ ቀለበቱን ይሰሩ። ከቀለበቱ ሌላ ወገን ክንድ የሚያህል ቀጭን ክር ያስሩና በጫፉ መንጠቆውን ያድርጉ። ዓሣው ምግቡን አንሥቶ ሲሄድ ክሩ በእርሳሱ ቀዳዳ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ክብደቱ ስለማይሰማው አይጠረጥርም። ዶቃው ደግሞ እርሳሱ ቋጠሮውን እንዳይመታው ይከላከላል። ቋጠሮውን ከማጥበቅዎ በፊት በምራቅ ያርሱት። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ ይግልና ይደክማል፤ በጠፋብዎት ዓሣ ሁሉ ክሩን ከመውቀስዎ በፊት ይህን ያስታውሱ።

እንግዲህ ውኃው እየሞላ ሳለ፣ ከፍተኛው ሙላት ሁለት ሰዓት ሲቀረው ይምጡ። ንጋት ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ዋናተኛ አይኖርም፣ ነፋሱም ገና አልተነሣም። ሊይዙ የሚችሉት አብዛኛውን ጊዜ ባርድ ሰርፍፐርች የሚባለውን ይሆናል። እጅ መዳፍ የሚያህል፣ ጎኑ ላይ ወርቃማ መስመሮች የተሠመሩበት ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ሲነክስ ዘንጉን ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል። ወዲያው አይሳቡ፤ ክሩ ሲከብድ ዘንጉን ቀስ ብለው ያንሡ። ሞገዱ ወደ እርስዎ ሲመጣ ይጠቅልሉ፣ ሲመለስ ዝም ብለው ይያዙ። የባሕሩ ጉልበት በትክክለኛው ሰዓት ዓሣውን ራሱ አምጥቶ እግርዎ ሥር ያስቀምጥልዎታል። አብዛኛው ዓሣ የሚያመልጠው ሞገዱ ሲመለስ አብሮ በሚሳብበት ሰዓት ነው።

ይህን ዓሣ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝሁበትን ሚያዝያ አልረሳውም። ሆዱ የተነፋ ትልቅ ነበር። መንጠቆውን ሳወጣ ትንሽ ጫን ብዬው ኖሮ ከሥሩ አንድ ነገር ወድቆ በእርጥቡ አሸዋ ላይ ተንከባለለ። የበላውን የተፋ መሰለኝ። ዝቅ ብዬ ሳየው አውራ ጣት የምታህል፣ ዓይንና ክንፍ ያላት፣ የተሠራች ዓሣ ናት። ሁለተኛዋ ተከተለች። ሞገድ መጥቶ ሲያነሣቸው ሁለቱም እንደ ትልቅ ዓሣ ዋኝተው ሄዱ። ሰርፍፐርች እንቁላል አይጥልም፤ ይወልዳል። ስለዚህ በጸደይና በበጋ መጀመሪያ ሆዳቸው የሞላውን ይመልሱ። ከአንድ ዓይነት ፐርች በቀን ከአሥር በላይ መያዝ ሕጉ አይፈቅድም፤ አሥር ግን ለሁለት ሰው ብዙ ነው።

ፈቃዱን እንለፍበት። እርስዎ ከግዛቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልግዎታል፤ ከገዙበት ቀን ጀምሮ 365 ቀን ያገለግላል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ባሕር ለማጥመድ በዓመት ፈቃዱ ላይ የሚጨመር አነስተኛ ተጨማሪ ክፍያም አለ፤ ሲገዙ ይጠይቁ። ልጅዎ 16 ዓመት እስኪሞላው ምንም አያስፈልገውም። ወደ ባሕሩ ገብቶ የተሠራው ሕዝባዊ መድረክ፣ ፒር የምንለው፣ ላይ ቆሞ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም። መሞከር ብቻ ከፈለጉ በዚያ መጀመር ይቻላል፤ በአንድ ሰው ከሁለት ዘንግ በላይ እንዳይዘረጉ። ከዚያ ውጭ በዓመት ሁለት ቀን ያለ ፈቃድ የሚጠመድበት አለ። ካሊፎርኒያ 124 የተጠበቁ የባሕር አካባቢዎች አሏት፤ በብዙዎቹ ማጥመድ የተገደበ ወይም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ላጉና ቢች፣ ፖይንት ዱምና ላ ሆያ በተለይ ይጠንቀቁ። ሰሌዳውን አላየሁም ማለት ከቅጣት አያድንም።

ወደ መብላቱ ልመለስ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ በጣም ደስ ያለኝ ይህ ነው። ብዙ ሰው የማይጠይቀውን በመጠየቅዎ አመሰግናለሁ። ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ፓሎስ ቨርዲስ ከሚባለው ቋጥኝ ፊት ለፊት ያለው የባሕር ወለል ዲዲቲ አለበት። አዎ፣ አገራችን በወባ ዘመን ግድግዳ ላይ የሚረጨው ያ ዲዲቲ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ የዲዲቲ ፋብሪካ ቆሻሻውን በፍሳሽ መስመር ወደ ባሕሩ ሲለቅ ኖረ። አሜሪካ ዲዲቲን በ1972 ከለከለች፤ ደለሉ ውስጥ የገባው ግን ዛሬም አለ። ከደለሉ ወደ ትሉ፣ ከትሉ ወደ ዓሣው ያልፋል፤ ዓሣው ስቡ ውስጥ ያጠራቅመዋል።

ስለዚህ ከሳንታ ሞኒካ ፒር እስከ ሲል ቢች ፒር ባለው ዳርቻ አምስት ዓሣ አይብሉ፦ ነጭ ክሮከር፣ ጥቁር ክሮከር፣ ባርድ ሳንድ ባስ፣ ቶፕስሜልትና ባራኩዳ። ይህ የእኔ አስተያየት ሳይሆን የካሊፎርኒያ ጤና ባለሙያዎች ማሳሰቢያ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነጭ ክሮከር ነው፤ ምክንያቱም በቀላሉ ይያዛል፣ ጀማሪም ይጓጓለታል። ብርማ፣ ተራ የሚመስል ዓሣ ነው። ምን እንደያዙ ካልለዩ ፎቶግራፍ አንሥተው ይመልሱት። ሌሎቹ፣ ፐርቹም ጭምር፣ በልክ ይበላሉ፤ ለሴቶችና ለልጆች በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ በየፒሩ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብቡ።

እንደ ሐዋሳው አሠራር ዓሣውን ከነቆዳው ጠብሰን፣ ጭንቅላቱን ለሾርባ አድርገን መብላት እንወዳለን። በዚህ ዳርቻ ግን ይህን ልማድ ይተዉት። ሥጋውን ከአጥንቱ ይለዩ፤ ቆዳውን፣ የሆድ ዕቃውንና በሆዱ በኩል ያለውን ስብ ይጣሉ። ማብሰል ዲዲቲን አያጠፋውም፤ ስቡን መጣል ግን ይቀንሰዋል። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለእርስዎና ለንስሐ አባትዎ እተወዋለሁ።

ከዓለቱ ላይ የምታዩትን ባለ ሁለት ቅርፊት ጥቁር የባሕር ፍጥረት፣ መስል የሚባለውን፣ ከግንቦት 1 እስከ ጥቅምት 31 በፈረንጅ አቆጣጠር ለመብል መልቀም ክልክል ነው። በእነዚያ ወራት ከሚበላው ረቂቅ የባሕር ፍጥረት ነርቭ የሚመታ መርዝ ያጠራቅማል። ለመንጠቆ ምግብነት ግን ይሆናል።

አንድ የሚነድፍ ነገርም አለ። ስቲንግሬይ የሚባለው፣ ጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ በበጋ በሞቃቱ ጥልቀት የለሽ ውኃ ውስጥ አሸዋ ለብሶ ይተኛል። ውኃ ሲገቡ እግርዎን አያንሡ፣ አሸዋውን እየጎተቱ ይሂዱ፤ ሲሰማዎት ይሸሻል። ከወጋዎት ቆዳ የማያቃጥል ግን እስከቻሉት የሚሞቅ ውኃ ውስጥ እግርዎን ይዝፈቁት፤ ሥቃዩን ከክኒን በተሻለ ያስታግሰዋል። ወደ ነፍስ አድን ማማ ቢሄዱ ያውቁበታል። ደረት ወይም ሆድ ከተወጋ፣ ወይም ሰውነት ካበጠና ትንፋሽ ካጠረ፣ ወዲያው 911 ይደውሉ።

ዓለቱስ? ልጅዎ አሸዋው ላይ አንድ ክረምት ከቆየ በኋላ ይምጣ። የሚጣፍጠው ዓሣ እዚያ አለ። ኦፓልአይ የሚባለው ዓይኑ ሰማያዊ አረንጓዴ የሆነ ዓሣ የሚበላው የባሕር ሣር ስለሆነ ሰው ምን እንደሚሰካ ግራ ይገባው ነበር። መልሱ ከማቀዝቀዣዎ ውስጥ ነው፦ የቀዘቀዘ አረንጓዴ አተር። ሁለት ፍሬ በትንሽ መንጠቆ ሰክተው በትንሽ ተንሳፋፊ ይልቀቁት። ለክብደት ከከባድ እርሳስ ይልቅ ያረጀ የመኪና ካንዴላ በቀጭን ክር አስሮ የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው፤ ዓለት ሲይዘው ቀጭኑ ይበጠስና ዓሣውና መንጠቆው ይተርፋሉ። ብርቱካናማው ጋሪባልዲ በመንጠቆዎ ቢመጣ ወዲያው ይልቀቁት፤ የግዛቲቱ ምልክት የሆነ የተጠበቀ ዓሣ ነው። ካቤዞን የሚባለውን ዓሣ ከያዙ ሥጋውን ይብሉ፣ እንቁላሉን ግን አይቅመሱ፤ መርዝ ነው።

እኔ የተማርሁት በጫማዬ ነው። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ጸጥ ያለ ጠዋት ከባልደረባዬ ጋር ዓለት ላይ ተቀምጠን ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሞገዱ ከእግራችን ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ይመታ ነበር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መንጠቆ እየሰካሁ ሳለ ባልደረባዬ ጮኸ። ውኃው እስከ ወገቤ መጣ። ቦርሳዬና አንድ ጫማዬ ሄዱ፤ እኔን ያስቀረኝ የእሱ እጅ ነው። በኋላ ዓለቱን ሳየው ያለነው እርጥቡና ጥቁሩ ላይ ነበር፤ ሞገድ የማይደርስበት ዓለት ነጣ ያለና ደረቅ ነው። ሞገድ ከሩቅ ማዕበል በቡድን በቡድን ስለሚመጣ ጸጥታው የሚያታልለው በሁለቱ ቡድን መካከል ነው። ከዚያ ወዲህ ከመውረዴ በፊት ግማሽ ሰዓት ቆሜ አያለሁ፤ ጀርባዬን ለባሕር አልሰጥም፤ ብቻዬን አልሄድም። ሰው ቢወሰድ ተከትለው አይዝለሉ፤ ገመድ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውሩለትና 911 ይደውሉ።

ቅዳሜ በሽሽት ሰዓት ባልዲና ስልክ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ቆፋሪው ልጁ ይሁን። ዘንጉን በሳምንቱ እንገዛለን፤ ጉድጓዱ ከስንት ቁጥር ማማ አጠገብ እንደተገኘ ይጻፉልኝና የእርሳሱን ክብደት አብረን እንወስናለን።